ፋይበሩ በመስኮት ገብቶ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል፤ በየት በኩል ላስገባው? (ደሴ፣ ሆጤ)

ሆጤ_ላይ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። የእናቴ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ቆይተው በብሎኬት የተቀጠሉ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት የፋይበር ኢንተርኔት አስገባን። ሠራተኞቹ የመጡት አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ይዟቸው ነበር፣ ቸኩለዋል። ገመዱን ከምሰሶው ጎተቱና በሳሎኑ መስኮት ጠርዝ አሳልፈው ሳጥኑን (ሞደሙን) ቡፌው ላይ አስቀመጡት። ግድግዳ አልበሱም። «መስኮቱን ቀስ እያላችሁ ዝጉት» ብለውን ሄዱ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን ግን መስኮቱን ጥብቅ አድርገን ስንዘጋ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚባለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። መስኮቱን ገርበብ ስናደርገው ይመለሳል። የደሴን የሌሊት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ የሒሳብ ሥራ ከቤት ነው የምሠራው፤ ፋይል የምልከው ማታ ነው። ስለዚህ ወይ እናቴ ትበርዳለች፣ ወይ ሥራዬ ይቆማል። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ደውዬ አመልክቻለሁ። «ይመጣሉ» ተባልኩ፤ ሁለት ሳምንት አለፈው።

ጥያቄዬ፦ ገመዱን ራሴ ባዛውረው ይበላሻል? ግንቡ እንዴት ይበሳል? ደግሞ ዋይፋዩ የእናቴ ክፍል ድረስ አይደርስም፤ ሳጥኑ ሲዛወር የት ይቀመጥ?

---

የኬብል_ሰው · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ አብሽሪ። በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ቤት ገብቻለሁ። የአንቺ ችግር ሳጥኑ አይደለም፣ ከውጭ የሚመጣው መስመርም አይደለም። መስኮቱ ነው። መስኮቱ ሲከፈት መመለሱ ራሱ ይነግርሻል።

ገመዱ ውስጥ ያለው መስታወት ነው። ውፍረቱ 125 ማይክሮን ነው፣ የፀጉር ያህል። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ። ብርሃኑ መሃሉን ይዞ የሚጓዘው ገመዱ ቀጥ ሲል ወይም በሰፊው ሲዞር ነው። ጥግ ላይ ስታጥፊው ወይም ሲጨፈለቅ ብርሃኑ ከመሃሉ አምልጦ በጎን ይወጣል። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ላዩም ደህና ነው። ብርሃኑ ግን ሳጥኑ ጋ አይደርስም።

ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳይሽ። የብርሃኑ ጉልበት የሚለካው በዲቢኤም፣ ቅናሹ ደግሞ በዲቢ ነው፤ እናንተ ቤት ሲደርስ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል። ከ−15 እስከ −24 ከሆነ ሰላም ነው። −27 ለብዙ ሳጥኖች የመጨረሻው ጠርዝ ነው። 3 ዲቢ ቀነሰ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ 6 ዲቢ ከቀነሰ አንድ አራተኛው ብቻ ቀረ።

አሁን ይህን አስቢ። ወደ ቤትሽ የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር በሚባለው ሞገድ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጠፋው ሩብ ዲቢ ገደማ ብቻ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ብርሃኑ ቢወርደው የሚያጣው 6 ዲቢ ገደማ ነው። አንድ የተጨፈለቀ መስኮት ያንኑ ያህል በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ይበላል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ያለችው 15 ሜትር ከውጭው መስመር እኩል ክብር ይገባታል የምለው። እኛ ሠራተኞች ውጭውን ተጠንቅቀን ሠርተን ቤት ውስጥ ስንደርስ እንቸኩላለን። ይህ ልክ አይደለም።

ስለ መታጠፉ፦ ገመዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቢ። ጂ.657.ኤ1 ካለ የመታጠፊያው ራዲየስ ከ10 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ኤ2 ካለ እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ይችላል። የድሮው ዓይነት፣ ጂ.652.ዲ የሚለው፣ 30 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። እኔ ግን የትኛውም ይሁን በቡና ሲኒ አፍ ነው የምለካው። ገመዱ የሲኒ አፍ ዙሪያ በሚያህል ክብ ከዞረ አይጎዳም። ከዚያ ካነሰ አልወደውም።

ራስሽ ልታደርጊው የምትችዪው፦ ለጊዜው መስኮቱ ጥግ ላይ ገመዱ ከሚያልፍበት ቦታ የመስኮቱን እንጨት ትንሽ ፋቂለት፣ እንዳይጫነው። ወደ ሌላ ቦታ ማዛወሩን ግን ቆርጠሽ አትሞክሪው። ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ኮኔክተር ፊቱ በ8 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ነው። ሱቅ ሄደሽ ሰማያዊ ገዝተሽ ብትሰኪው ይገባል፣ ግን ሁለቱ ፊቶች አይገጥሙምና ብርሃኑ ይባክናል።

---

ኮምቦልቻ_ኤሌክትሪሻን · ሰኞ ማታ

እኔ በብሎኬት ቤት ነው ብዙ የምሠራው፤ የድንጋይ ግንብ ግን ሌላ ነገር ነው። በተራ ድሪል ከጀመርሽው መሃል ላይ ድንጋይ ያገኝሽና ቀዳዳው ይጣመማል። ረጅም መብሻ ያለው ሐመር ድሪል ያለው ሰው ጥሪ። በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በሁለት ድንጋዮች መሃል ባለው መጋጠሚያ ብሱት።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። መብራቱ በግድግዳ ውስጥ በኮንዲዩት (በሽቦ ቱቦ) ከሄደ ፋይበሩን በዚያው ማሳለፍ ይቻላል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ኤሌክትሪኩም ብርሃኑን አይረብሸውም። አዲስ ግድግዳ ከመብሳት ያድናል።

---

የኬብል_ሰው · ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ በመጋጠሚያው መብሳቱ ትክክል ነው። በመብራቱ ኮንዲዩት ላይ ግን አልስማማም።

መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እውነት ነው። ከመስታወቱ ጎን ያሉት ሁለት ማጠንከሪያዎች ግን በአንዳንዱ ገመድ ብረት ናቸው። ሌላው ደግሞ እንደ ፋይበርግላስ ያለ ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ከመብራት ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ የሚከት ሰው አደጋ ላይ ነው። ብረት ባይኖረውም እንኳ ነገ አንድ ኤሌክትሪሻን ሽቦ ሊቀይር ሲጎትት ፋይበሩን አብሮ ይጎትተዋል። ለፋይበር የራሱ ቱቦ ይኑረው።

---

ኮምቦልቻ_ኤሌክትሪሻን · ሰኞ ማታ

ብረት ያለው መኖሩን አላስተዋልኩም ነበር። ተቀብያለሁ። ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ ማንም በእኔ ቃል እንዳይሠራበት።

---

ጡረተኛው_መስመረኛ · ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ እኔ በመዳብ ስልክ ዘመን ነው የሠራሁት። የደሴን ግንብ ቤቶች ብዙዎቹን በእጄ በስቻለሁ።

ልጄ ሆጤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ቤት ድሮ የቤት ስልክ ነበረ? ከነበረ ግንቡ ተበስቷል። እኛ የምንበሳው ከጣራው ክፈፍ ሥር ነበር፣ ዝናብ እንዳይመታው። ውስጥ ደግሞ ኮሪደር ወይም የሁለት ክፍል መገናኛ ላይ ነበር የምናወጣው፤ የስልኩ ደወል ለሁሉም ክፍል እንዲሰማ። ያ ቀዳዳ በቀለም ተሸፍኖ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ፈልጊው።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ውኃ ነው። የደሴ ዝናብ ገመድ ተከትሎ ቤት ይገባል። ገመዱ ቀዳዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንደ ሆድ ይንጠልጠልና ከታች ወደ ላይ ይግባ። ውኃው ከሆዱ ላይ ይንጠባጠባል። ቀዳዳው ራሱም ከውስጥ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል። ከዚያ በሲሊኮን ይደፈን።

ሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ። የመዳብ ስልክ ከማዕከሉ 48 ቮልት ይዞ ስለሚመጣ ከተማው ጨልሞም ይሠራ ነበር። ፋይበር እንዲህ አይደለም። መስታወቱ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ሳጥኑ መብራት ካጣ ዝም ይላል። ማታ የምትሠሪ ከሆነ ይህን አስቢበት።

---

ሆጤ_ላይ · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አዎ፣ የቤት ስልክ ነበረን። እናቴን ጠየቅኳት፤ ወዲያው ነው ያስታወሰችው። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ በትንሽ ጠረጴዛ ነበር የሚቀመጠው፣ በዳንቴል ተሸፍኖ። አሁን እዚያ ቦታ ቁም ሣጥን ቆሟል። ማታ እንገፋውና አያለሁ።

ወንድሜ የኬብል ሰው፣ መስኮቱን ፋቅነው። ቢያንስ ዛሬ ሌሊት ተዘግቶ ልናድር ነው።

---

ጀማሪ_23 · ማክሰኞ ከሰዓት

ብርሃን እየመጣ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ገመዱን ከሳጥኑ ነቅሎ በስልክ ካሜራ ጫፉን ማየት ነው። በቲቪ ሪሞት ሞክሬዋለሁ፣ ብርሃኑ ካሜራው ላይ ይታያል።

---

የኬብል_ሰው · ማክሰኞ ከሰዓት

ይህን እባክህ አታድርግ፣ ሌላ ሰውም እንዳያደርገው።

ሪሞቱ ላይ የሚታየው 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ነው፤ የስልክ ካሜራ ያየዋል። ፋይበሩ ላይ ያለው ግን 1490 ነው። የስልክ ካሜራ ዳሳሽ ከ1100 በላይ ያለውን አያይም። ስለዚህ ብርሃኑ እያለ ካሜራህ «የለም» ይልሃል። ሰው ደግሞ «የለም» ብሎ በዓይኑ ሊያየው ይጠጋል። የማይታይ ብርሃን ነውና ዓይን አይጨፈንለትም። ቤት የሚደርሰው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ልማዱ ግን መጥፎ ነው። ለዚህ የተሠራው የብርሃኑን ጉልበት የሚለካው ፓወር ሜትር ነው።

ሌላው፣ ስትነቅለው ጫፉ ላይ አቧራ ያርፋል። መሃሉ 9 ማይክሮን ነው ብያለሁ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትጋርደዋለች። ከተነቀለ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው። በአፍ እፍ አይባልም፤ እርጥበት ይተዋል።

---

ሸዋበር_ሱቅ · ማክሰኞ ማታ

የእኔን ልንገራችሁ። ሸዋ በር ሱቅ አለኝ፤ ከሱቁ ጀርባ መኖሪያዬ ነው። ፋይበሩን በኮርኒስ በላይ አሳለፉልኝ፣ ምንም መሸፈኛ ሳይኖረው። ከላይ ስለማይታይ ደስ ብሎኝ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ ድንገት ጠፋ። ሠራተኛው መጥቶ ቀይ ብርሃን የምትረጭ እስክሪብቶ የምታህል ነገር ገመዱ ላይ ሰካና ኮርኒሱ ላይ ወጣ። ጨለማ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ብርሃን ፏ ብሎ ይታያል። አይጥ ነው የበላው።

ቀጥሎ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። የተቆረጡትን ትናንሽ የመስታወት ስብርባሪዎች በመጥረጊያ ጠረግኳቸው። ትንሿ ልጄ ባዶ እግሯን ነበረች፤ እግሯ ላይ ገባ። ጤና ጣቢያ ሄደን ነው የወጣው፣ ስቃይዋ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ወላሂ ማንም ላይ አይድረስ። ፋይበር የተቆረጠበት ቦታ በመጥረጊያ አይጠረግም። በሚያጣብቅ ፕላስተር እየጫናችሁ አንሱት፤ ሠራተኛውም ስብርባሪውን ጠርሙስ ውስጥ ከቶ ይዞ ይሂድ።

አሁን ኮርኒሱ ላይ በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ነው የሚሄደው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልተነካም።

---

የኬብል_ሰው · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ልጅህን አላህ ይጠብቅልህ። ይህን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እኔ ቆሻሻዬን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የምይዘው፤ ሁሉም ሠራተኛ ግን አያደርገውም። ደንበኛው ሊጠይቅ መብቱ ነው። «ስብርባሪው የት አለ?» በሉ፤ የሚያፍርበት ሰው የለም።

---

መናፈሻ_ተከራይ · ረቡዕ ጠዋት

ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች ነን። አንዱ ቤት ፋይበር አለ። ስፕሊተር ገዝተን ገመዱን ለሁለት ብንከፍለው ለእኔም ሳጥን ይሠራልኛል?

---

የኬብል_ሰው · ረቡዕ ጠዋት

አይሠራም። ሁለት ምክንያት አለው። ብርሃኑ ለሁለት ሲከፈል 3.5 ዲቢ ገደማ ይቀንሳል፤ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ከሆነ ሁለታችሁም ታጣላችሁ። ዋናው ግን እያንዳንዱ ሳጥን ማዕከሉ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ሳጥን ብርሃን ቢያገኝም አይከፈትለትም። የመንደሩ መስመር ራሱ ቀድሞ ለ32 ወይም ለ64 ቤት የተከፋፈለ ነው። አንተ ሌላ ክፍፍል ስትጨምርበት ችግሩ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ከባለ መስመሩ ጋር ተስማምታችሁ፣ ውላችሁም የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከሳጥኑ የኔትወርክ ገመድ ጎትታችሁ ቤትህ ላይ ሌላ ዋይፋይ መትከል ትችላላችሁ። ካት 6 እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

---

ጡረተኛው_መስመረኛ · ረቡዕ ከሰዓት

እዚህ ላይ ልጨምር። ካት 6 መዳብ ነው። ከቤት ወደ ቤት በሜዳ ላይ ከተዘረጋ ለመብረቅ ይጋለጣል። ደሴ ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ላይ የሚያጉረመርመውን ታውቁታላችሁ። መብረቁ ገመዱን ራሱን ባይመታ እንኳ አቅራቢያው ሲወድቅ በመዳቡ ላይ የሚቀሰቅሰው ኃይል ሁለቱንም ሳጥን ያቃጥላል። በእኛ ጊዜ በየክረምቱ ስንት ስልክ ነው የተቃጠለው!

ግቢ አቋርጦ ለሚሄድ መስመር ፋይበር ይሻላል። በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር የምትባል፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ትደረጋለች። ለአንድ ጊዜ ዋጋው ይበዛል፣ ግን ክረምቱን በሰላም ታልፋላችሁ። ከምሰሶ የሚመጣው ፋይበርም መሸከሚያው የብረት ሽቦ ከሆነ፣ ያ ሽቦ ውጭ ግድግዳው ላይ መንጠቆ ላይ ያብቃ። ቤት ውስጥ አይግባ።

---

ቤት_ጀማሪ_ኮምቦልቻ · ረቡዕ ማታ

እኔ ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። ብሎኬቱ ቆሟል፣ ልስን ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለመብራት ቱቦ ተቀብሯል። ለፋይበር ምንም አላሰብኩም ነበር። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልቅበር?

---

የኬብል_ሰው · ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ከልስን በፊት የሚጠይቅ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ሁሌ የምጠራው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ግድግዳ ስበሳ እጄ ይከብደኛል፤ የባለቤቱንም ፊት ማየት አልችልም። ስለዚህ ዝርዝር አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ ወስን። በር አጠገብ ወይም ቲቪው ሥር አይሁን። የቤቱ መሃል ይሁን፤ ኮሪደር በጣም ጥሩ ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ በሰው ደረት ልክ አካባቢ። እዚያው አጠገብ የመብራት ሶኬት አስቀምጥ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ማከፋፈያ በወለል ላይ ይጎትታል።

ከዚያ ከውጭ ግድግዳ እስከዚያ ቦታ ድረስ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቅበር። ለፋይበሩ ብቻ። 20 ሚሊ ሜትርም ያሳልፋል፤ ግን ተዘጋጅቶ ከነኮኔክተሩ የሚመጣ ገመድ መጎተት ቢያስፈልግ ጫፉ ይወፍራል። ጥግ ላይ ኤልቦ የሚባለውን ድንገት የሚታጠፍ ማዕዘን አትጠቀም። ቱቦው ራሱ በሰፊው ይዙር። ከውጭ እስከ ውስጥ ከሁለት መዞሪያ በላይ ከሆነ መሃል ላይ ስካቶላ (የመገናኛ ሳጥን) አድርግበት፣ የሚከፈት። ገመዱ በአንዴ ሲጎተት ሦስተኛው ጥግ ላይ ይይዛል፤ ሠራተኛው ደግሞ ጉልበት ይጨምራል። መስታወቱን የሚጎዳው ያ ነው።

ቱቦው ውስጥ ጠንካራ የናይሎን ገመድ አስገብተህ ሁለቱን ጫፍ አስረህ ተወው። ዋጋው ምንም አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ይመርቅሃል። ልሳኙ ሲለስን ጫፎቹን በላስቲክ ሸፍንና ፎቶ አንሳቸው፤ የት እንዳሉ በሜትር ለክተህ ጻፍ። ሲሚንቶ ገብቶበት የተዘጋ ቱቦ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ።

በመጨረሻ ከሳጥኑ ቦታ ወደ እያንዳንዱ ክፍል አንዳንድ ቱቦ ለካት 6። ዛሬ ገመድ ባታስገባበት ግድ የለም። ቱቦው ይኑር።

---

ኮምቦልቻ_ኤሌክትሪሻን · ረቡዕ ማታ

የፋይበሩ ቱቦ ከመብራቱ ቱቦ ራቅ ብሎ ይሂድ፤ ሚስማር የሚመታ ሰው እንዳይሳሳት ቀጥ ብሎ ወይም አግድም ይሁን እንጂ በሰያፍ አይቀበር። ደግሞ ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። ሳጥኑን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አታድርገው። አየር ይፈልጋል።

---

ቤት_ጀማሪ_ኮምቦልቻ · ረቡዕ ማታ

ነገ ጠዋት ቱቦውን ልገዛ ነው። ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

---

ሆጤ_ላይ · ሐሙስ ጠዋት

ቁም ሣጥኑን ገፋነው። ቀዳዳው አለ! በቀለም ተሸፍኗል፣ ግን በጣት ሲነካ ይሰረጉዳል። ከውጭ በኩል ልክ ጋሼ እንዳሉት ከጣራው ክፈፍ ሥር ነው። የድሮው የስልክ ሽቦ አሁንም ውስጡ አለ። እናቴ ቆማ ስታየው ቆየች። አባቴ ያን ስልክ ያስገባ ቀን ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እንደደወለ ነገረችኝ።

የድሮውን ሽቦ ልጎትተው?

---

ጡረተኛው_መስመረኛ · ሐሙስ ጠዋት

አትጎትቺው! እሱ ነው መጎተቻሽ። ሠራተኛው ሲመጣ የናይሎን ገመድ በድሮው ሽቦ ጫፍ ላይ አስሮ ሽቦውን ሲስብ ናይሎኑ ይገባል። ከዚያ በናይሎኑ ፋይበሩን ይስባል። መጀመሪያ ግን ሽቦው ከምሰሶው የተለቀቀና ከምንም ጋር ያልተገናኘ መሆኑን ያረጋግጥ። ገመዱ የሚያዘው በማጠንከሪያው እንጂ በመስታወቱ አይደለም፤ ይህን ንገሪው።

---

የኬብል_ሰው · ሐሙስ ከሰዓት

ጋሼ፣ እኔ አሁን ከእርስዎ ተማርኩ።

እህቴ፣ ሠራተኛው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ጫፉን በስፕላይስ ማሽን አቅልጦ ይቀጥልልሽ። በእጅ የሚገጠመው ፋስት ኮኔክተር ይሠራል፤ ግን በጥንቃቄ ካልተቆረጠ ከዓመት በኋላ ይደክማል። በማሽን የተቀጠለ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ዲቢ በታች ነው የሚያጠፋው። ሁለተኛ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ትንሽ የፋይበር ሳጥን ይትከልልሽ፤ ከዚያ ወደ ሞደሙ በአጭር ዝግጁ ገመድ ይግባ። ነገ ገመዱ በልጅ እግር ቢረገጥ የሚቀየረው አጭሩ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሥራው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ ይለካልሽ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፊ።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲሆን ለእናትሽ ክፍል የሚቀረው የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ይደክማል። ለእሳቸው ክፍል 2.4ቱን ተጠቀሙ። ዳንቴሉን ግን ሞደሙ ላይ እንዳታደርጉት አደራ፤ ይሞቃል።

---

ሆጤ_ላይ · ከ11 ቀን በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ሠራተኛው ትናንት መጣ። ሌላ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ሠራ። የጻፋችሁትን ከስልኬ አነበብኩለት፤ አልተከፋም፤ እንዲያውም የጋሼን ምክር ሲሰማ «ይህን ማን ነገረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳይጀመር ለካው። መስኮቱ ክፍት ሆኖ −22.6፣ ፋቅነውም እንኳ ጥብቅ ተደርጎ ሲዘጋ −28.9። በድሮው ሽቦ ናይሎኑን ሳበ፣ በናይሎኑ ፋይበሩን። ውጭ ላይ ሆዱን አንጠለጠለው። በማሽን ቀጠለ። ሲያልቅ ለካው፦ −20.1። የሰበራቸውን ስብርባሪዎች በጠርሙስ ይዞ ሄደ፤ ሳልጠይቀው።

ሞደሙ አሁን የድሮው ስልክ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ገዛሁለት፤ ትናንት ማታ መብራት ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ሥራዬን ጨረስኩ። እናቴ ክፍሏ ሆና ሳዑዲ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ አወራች። ዳንቴሉን ሥሩ አነጠፍነው፣ ላዩ ላይ አይደለም።

---

የኬብል_ሰው · ያው ቀን

ማሻ አላህ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የተረፈውን ገመድ በምን አስቀመጠው? አጥብቆ ካሰረው ነገ ይጎዳል።

---

ሆጤ_ላይ · ያው ቀን

ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ጠቅልሎታል። ሲኒ አምጥቼ ለካሁት። ከሲኒው አፍ ይሰፋል።